ያልጠራሁት ስም

ልጄ ማህደር፣ በሄድሽበት ቀን ይውጣልሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ። እኛ ደህና ነን። ፍየሏ መንታ ወልዳ ግልገሎቹ ጎረቤቱን በጩኸት አሰልችተውታል። አባትሽም ማር ቆረጠ፤ ዘንድሮም ንቦቹ ነድፈውት ፊቱ አብጦ እኔ በሳቅ ልሞት!

የማሩን መጀመሪያ እንደ ልማዳችን ምንጩን ለሚጠብቁት፣ ለዓይን ለማይታዩት ስውሮች ብዬ ምንጩ ዳር አኖርኩ። አኑሮ ዞር ሳይሉ መሄድ ነው ደንቡ፤ እኔ ግን ዞር አልኩ። ማዕረግን አየሁት፤ በልጅነቱ ከዚያው ምንጭ የጠፋብንን ወንድምሽን! ዛሬም ሕፃን ነው፤ ግን እንዴት ወፍሯል፣ እንዴት አምሮበታል መሰለሽ! አንዲት ስውር ሴት ማሩን ታጎርሰዋለች።

“እማዬ፣ እኒህ እትዬ ለምን ያለቅሳሉ?” አላት።

ሴትዮዋ እቅፍ አድርጋው፣ “ስሙን ከጠራሽው ይከተልሻል፤ እኔ ግን ሌላ ልጅ የለኝም” አለችኝ። እንባዋ ይወርዳል። እሱም ቀሚሷ ሥር ተሸሸገ። የልጅን መነጠቅ እያወቅሁት እንዴት ልጥራው? ስሙ ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ፣ “የቀፎው ጭስ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነው፣ የኔ ጌታ” ብዬው ተመለስኩ።

ለአባትሽ አልነገርኩትም። ልጄ ጠግቦ ይስቃል፤ ደስ ብሎኛል። ግን ማሩን መቅመስ አቃተኝ።

እመብርሃን በክንፏ ትጋርድሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ታብቃሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ። የእሱን ስም ዋጥኩት፤ ያንቺን ግን በየማለዳው ደጃፍ ቆሜ እጠራለሁ። አደራሽን፣ አንድ ቀን “አቤት” በይኝና ነይ።

እናትሽ አገኘሁሽ