መድረክ ላይ የወጣሁበት ቀን

ልጄ ሀሲባ፣ ጅዳ ላይ የምትገቢበትንም የምትወጪበትንም በር አላህ የኸይር ያድርግልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ የአሜሪካን በረዶ የሚጠላው ጉልበቴ ብቻ ነው።

አፕል ቫሊ ከተማ የሚኖረው መንሱር ስለ ልጅሽ «ፈዲላን ከዚያ የስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት አውጣት፣ ደንቁራ ትቀራለች» ሲለኝ እንቢ ብዬ ነበር። ይኸው የስምንተኛ ክፍል ውጤት መጣ! የሶማሌው፣ የኦሮሞው፣ የእኛው ልጅ የሞላበት ትምህርት ቤት የመንሱር ልጆች ያሉበትን በለጠ።

በሽልማቱ ቀን አንደኛ የወጣችውን «ሚስ እንድሪስ» ብለው ጠሩ። ስሜን ስሰማ ተነስቼ መድረክ ላይ ወጣሁ። ለካስ ልጅሽን ይዣት ስመጣ በእኔ ስም መዝግበዋት ኖሯል! «አባባ፣ ሲት ዳውን!» ብላ ተቆጣችኝ። አልወረድኩም፤ ለሁለታችንም ተጨበጨበ። «መጥቶ ይይ» ብዬ የጠራሁት መንሱርም ሳይወድ አጨበጨበ። እናትሽ፣ አላህ ይማራትና፣ ባየች!

ዱዓዬ ካንቺ አይለይ። ስትጽፊላት አደራ፣ «ፈዲላ እንድሪስ» በያት።

አባትሽ እንድሪስ