ሁለት የነጥብ ደብተር ላላቸው ባልና ሚስት አንድ አውሮፕላን ስለ መከልከሉ

ሀገረ ሕይወት፣ ሰኔ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ተሬፋ ጂራ
የአርአያ ሠራተኞች ሽልማት ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደጅዎን ጠንቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተብዬ ስለ ተመለስኩ፣ ይህን ሁሉ ስብሰባ የሚችል ወገብ አይንሳዎት ብዬ ከልቤ መርቄዎታለሁ። እኛ ደኅና ነን፤ ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲህ ማለት ወግ ነውና። በሚያዝያው ጉባኤ ሂስ የሚፈራ አመራር የለንም ሲሉ በጆሮዬ ስለ ሰማሁ፣ ይህን ጽሑፍ በፖስታ ከማሸግ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ መለጠፉን መርጫለሁ፤ እርስዎ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ያነበበ ሰው ይነግርዎታል።

ምናልባት ከደብተሬ ቁጥር በቀር ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በከተማችን ክሊኒክ ጤና ረዳት ነኝ፤ ባለቤቴ ዓብዲሳ ዱጋሳ መምህር ነው፤ ሌታ የሚባል አንድ ልጅ አለን፤ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው። ግንቦት 6 ቀን አሥመራ ከተኛበት ሆስፒታል ደብዳቤ ደረሰን። ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በላይ ተቆርጠዋል፤ ቁስሉ ደርቋል፤ ወላጆቹ እስከ ሰኔ 20 ቀን መጥተው ይረከቡት፤ የእሱን መመለሻ ወንበር ሆስፒታሉ ይከፍላል፤ ራሱን ችሎ መቀመጥ ስለማይችል ግን ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ ይላል። በቀኑ ካልደረስን አልጋው ለሌላ ቁስለኛ ይፈለጋልና ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል፤ የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም። የየብሱ መንገድ መዘጋቱን እርስዎም ያውቃሉ፤ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ደግሞ የእኛ አቅም አይደለም።

ታዲያ በዚያን ቀን ከዓብዲሳ ጋር ያለቀስነውን አልቅሰን ስናበቃ ትዝ ያሉን እርስዎ ነዎት። መቶ ነጥብ ያገኘ አርአያ ሠራተኛ በአገር ውስጥ በአውሮፕላን ደርሶ መልስ ይሸለማል ብለውናልና፤ እሱ ጎልማሶችን ማታ ማታ ፊደል በማስቆጠር 128፣ እኔ ሕፃናትን በመከተብ 72 ነጥብ ነበረን። ሲደመር ልክ ሁለት መቶ፣ ልክ ሁለት ወንበር። ዓብዲሳ የሒሳብ መምህር ስለሆነ ለደስታው ሁለት ጊዜ ደመረው። ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው። እነሆ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. በጥቅምት ወር ደብተር ሲታደል ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ይመዝገቡ ወይስ በየግል ብለው ጉባኤውን ሲጠይቁ፣ ባለቤቴ ተነሥቶ ሴት በራሷ ላብ በራሷ ስም ትሸለም አለ። አዳራሹ ተናወጠ። እርስዎም ይህን የመሰለ ባል ይብዛልን ብለው አመሰገኑት፤ እኔም በኩራት አጨበጨብኩ። ዛሬ ያ ጭብጨባ እጄን ያቃጥለኛል። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል ኖሮ፣ በእኛ በኩል ባሕሩ በሁለት ደብተር መከፈሉን ያጸደቅነው ራሳችን ነን፤ ስለዚህ ይህ የመጀመሪያው ቅሬታ በግማሹ ግለሂስ ሆኖ ይመዝገብልኝ።

2ኛ. ከባለቤቴ ደብተር የተረፉት 28 ነጥቦች ወደ እኔ እንዲዛወሩ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አያይዘን ስናመለክት፣ የአንዱ ላብ ለሌላው አይተላለፍም፤ ይህ የሴቶችን እኩልነት ወደ ኋላ መመለስ ነው የሚል መልስ በፊርማዎ ደረሰን። ስለ እኩልነቴ ከእኔ ይበልጥ የሚቆረቆር ሰው በማግኘቴ ዕድለኛ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በጋራ ያሳደግነው ልጅ ግን የማንኛችን ላብ እንደሆነ በመልስዎ አልተብራራም።

3ኛ. ያንን መልስ ይዤ አልተቀመጥኩም። የክትባት ሣጥን ተሸክሜ ከጌዶ ወዲያ ካሉት መንደሮች እስከ እንጭኒ ዙሪያ ድረስ ሦስት ሳምንት በእግሬ ዞሬ 28ቱን ነጥብ ሞላሁ። በእያንዳንዱ ደጃፍ የሰው ሕፃን ስወጋ የራሴን ልጅ አስብ ስለ ነበር፣ አንዳንዴ ከሕፃኑ ቀድሜ የማለቅሰው እኔ ነበርኩ፤ እናቶቹም ግራ ገብቷቸው እኔን ያባብሉኝ ነበር። መቶ ሞላሁ፤ ኮሚቴዎም አላስቀረብኝም፤ ትኬት ሰጠኝ። ለባለቤቴም ሰጠው። የእኔ ማክሰኞ ሰኔ 14 ቀን ነው፤ የእሱ ማክሰኞ ሰኔ 28 ቀን ነው። ጤና ከጤና ጋር፣ ትምህርት ከትምህርት ጋር ይጓዛል፤ ከተቀላቀለ ሪፖርቱ ይበላሻል ተብሏል። በሰኔ 14ቱ በረራ ለኮሚቴው ከተያዙት ስድስት ወንበሮች ሁለቱ ባዶ መሆናቸውን ጸሐፊዎ ወይዘሪት እንግዳወርቅ አንገቷን ደፍታ ነግራኛለች። እባክዎ እሷን አይቆጧት፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ ዐይኔን ያየችው እሷ ብቻ ናት።

የሆስፒታሉ ቀጠሮ ሰኔ 20 ቀን እንደሚያበቃ እያወቁ ባለቤቴን ከስምንት ቀን በኋላ ይሂድ ማለትዎን ለጎረቤታችን ለአዴ ጉዴ ባጫውታቸው፣ ታዲያ ልጁን ግማሹን በአሥራ አራት፣ ግማሹን በሃያ ስምንት ነው ወይ የምታመጡት ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

4ኛ. የባለቤቴ 28 ትርፍ ነጥብ ሰኔ 30 ቀን ይቃጠላል። ለእኔ አይሰጥ የተባለው ለአመድ ተፈቅዷል።

ምስጋናም አለብኝ። አውሮፕላን ተሳፍሬ የማላውቅ ሴት ብሆንም ብቻዬን እንድጓዝ ስላበረታቱኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ከሰኔ 28 እስከ ሐምሌ 1 ቀን የሚያውቀው ሰውም ዘመድም የሌለበትን ከተማ እንዲጎበኝ ስለ ጋበዙትም እሱን ወክዬ አመሰግናለሁ፤ እሱ ራሱ ይህን ምስጋና ሊጽፍ ሞክሮ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ቀዷል።

የማልደብቅዎት ነገር ቢኖር ፈርቻለሁ። ሐኪሞቹ ሁለት ሰው ስንል ብቻዋን መጣች ብለው ባዶ እጄን እንዳይመልሱኝ ፈርቻለሁ፤ ልጄ በር በሩን ሲያይ አባቱን ሲያጣ ምን እንደምለውም አላውቅም። ቢሆንም ማክሰኞ እሄዳለሁ። ሌታ ሲወለድ እኔ ጌዶ፣ አባቱ እንጭኒ ተመድበን ስለ ነበር፣ እግር እስኪያወጣ ድረስ ለብቻዬ ያዘልኩት እኔ ነኝ። እግር የሌለው የሃያ ዓመት ወጣት ምን ያህል እንደሚመዝን ደግሞ ሙያዬ ስለሆነ አልጠፋኝም። ጀርባዬ ሰፊ ነው፤ ወፍራም ጋቢም ገዝቻለሁ። ሁለት ደጋፊ ይምጣ ላሉት ሐኪሞች፣ አንዱ ደጋፊ ሪፖርት እንዳይበላሽ ሲል ቀርቷል እላቸዋለሁ።

ስብሰባዎ ሁሉ እንዲሰምር፣ ሪፖርትዎ ሳይደለዝና ሳይሰረዝ ለበላይ አካል እንዲደርስ፣ የቤተሰብዎም አባላት በአንድ ማዕድ ለመቅረብ፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ቀን ለመጓዝ እንዲታደሉ እየተመኘሁ፣ በደብተሬ ላይ በተለጠፈው ፎቶግራፍ እንደሚታየው ዘወትር ፈገግ ብዬ የማገለግልዎት፣

ደብሪቱ ኤጄታ
ጤና ረዳት፣ የነጥብ ደብተር ቁጥር 41
(የደብተር ቁጥር 40፣ የመምህር ዓብዲሳ ዱጋሳ፣ ባለቤት)

ማስታወሻ፦ ልጄን ከቤት እንዳስገባሁ እርስዎን በአካል አግኝቶ እንዲያመሰግን ይዤው እመጣለሁ። ቢሮዎ ፎቅ ላይ መሆኑን ስለማውቅ አስቀድሜ አስታውሳለሁ፤ የዚያን ቀን ስብሰባ እንኳ ቢኖርብዎ፣ ሃያ ሁለቱን ደረጃ የሚወርዱት እርስዎ ነዎት።