ለቤት ዝክር ሰው አይጠራም

ውድ ወንድሜ ግራዲሚር፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝና ተውኩት። አባባን ከቀበርን ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ምድጃውን የማነደው ለራሴ ብቻ ስለሆነ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አላነደውም።

በቀብሩ ዕለት ሰው ንፍሮውን ቀምሶ ሲበተን በጆሮዬ ያልከኝን አልረሳሁትም። "እቴ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ለዝክሩ አንድ ቀን እንኳ አልጠራኝም። በቃ፣ እንደጠላኝ ነው የሞተው።" መልስ ነበረኝ፤ እንባዬ ቀደመኝ እንጂ። መልሱን ዛሬ ልጻፍልህ።

ነገሩ የተበላሸበትን ቀን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በቅዱስ ኒኮላዎስ፣ በቤታችን ዝክር፣ የቤልግሬድ አማቶችህን ይዘህ እዚህ ፒሮት መጣህ። አባባ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት፣ የጾሙን ዓሣ እያቀረበ፣ በእኛው በፒሮት አነጋገር "ብሉ እንጂ፣ ምን ያሳፍራችኋል!" አላቸው። አንተ ሬዲዮ ላይ ዜና በምታነብበት ድምፅ፣ "አባባ፣ እንዲህ አይባልም" ብለህ አረምከው። አማቶችህ ሳቁ፤ ክፋት ግን አልነበራቸውም። አባባ "እሺ ጌታዬ፣ አስተማርከኝ" አለና የዓሣውን ሳህን ለእኔ አቀብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። እናታችንን ያጨበትን፣ ከጎማ ፋብሪካ ጓደኞቹ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የቀለደበትን አንደበት በገዛ ማዕዱ ላይ አሳፈርክበት። በነጋታው ሄድክ፤ አፍረህም ቀረህ።

አንተ ቀረህ እንጂ እሱ መጠበቁን አልተወም። የቤት ጌታ በዝክሩ ቀን ለእንግዳው ክብር እንደማይቀመጥ ታውቃለህ። አምና እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ቢለው እንኳ መስኮቱን ተደግፎ ቆሞ ዋለ። እንግዶች "ልጅህስ?" ሲሉት "መንገድ ላይ ነው፤ በረዶ ይዞት ይሆናል" ይላቸዋል። ውጭ ግን ፀሐይ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዳሪንካ አላስችል አላት።

"አንተ ሰው፣ ደውልለት እንጂ! የፒሮት ሰው ቆንቋና ነው የሚሉን እውነት ነው ለካ። ለስልክም ትሰስታለህ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ ግን አልሳቀም።

"አንቺ ደግሞ፣ ዳሪንካ! ለዝክር ሰው ተጠርቶ ያውቃል? የሚመጣ ይመጣል። የገዛ ልጄን ከጠራሁትማ እንግዳ ነህ ማለቴ አይደል? ቤቱ ነው። ሲፈልግ ዘው ብሎ ይገባል።"

ዳቦውን ከልጁ ጋር እቆርሳለሁ ስላለ ስንጠብቅ ስንጠብቅ ሻማው አጠረ። በመጨረሻ "ነይ፣ አንቺ ያዢልኝ" አለኝ። እንደ ወጉ ዳቦውን ይዘን አብረን አዞርነው። ዳቦው ላይ የሚፈሰውን ወይን ግን፣ ዓይኑ በሩ ላይ ስለነበር፣ እጄ ላይ አፈሰሰው።

ግራዶ፣ አልጠላህም። እንግዳ እንዳትሆንበት ብሎ ነው ያልጠራህ። አንተ ደግሞ ከበደልከው በኋላ ሳትጠራ መግባት ድፍረት መሰለህ። ሁለታችሁም በአንድ ወግ ያደጋችሁ ሰዎች፣ አንዱ መስኮት ላይ፣ አንዱ ቤልግሬድ ላይ፣ እርስ በርስ ስትጠባበቁ አንዳችሁ ሞተ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል፤ አንዳንዴም በሁለታችሁም እናደዳለሁ።

እነሆ ቅዱስ ኒኮላዎስ ደርሷል። አባባ የሌለበት የመጀመሪያው ዝክር ነው። ስንዴውን እኔው እቀቅላለሁ፤ እትዬ ዳሪንካም ባቄላውን እሠራለሁ ብላለች። ዳቦውን የሚቆርሰው ግን ወራሹ ወንድ ልጅ ነው፤ ያለ አንተ ዝክሩ ከዚህ ቤት መውጣቱ ነው።

በቤታችን ተደርጎ የማያውቅ ነገር ላደርግ ነው። አባባ ቢሰማ ይቆጣኛል፤ ከተማው ቢሰማ መሳቂያ እሆናለሁ። ይሁን። እንደሱ ችዬ የምጠብቅበት አንጀት የለኝም።

ግራዲሚር፣ ጠርቼሃለሁ። ና።

እህትህ
ቪዶሳቫ