ሽማግሌ የተላከለት ሰርጓጅ መርከብ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለአላምረው ወልደ ዮሐንስ፣ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሰፈር።

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? ሆድህ ዓሣውን ለመደልህ ወይ? ቆላ ስትወርድ የሚነሳብህ ያ የራስ ምታት ተወህ ወይስ አብሮህ ወታደር ሆነ? አንተ ደኅና ከሆንህ እኛ ከነጎረቤታችን ደኅና ነን። አባታችንን ጉልበታቸውን፣ እናታችንን ዓይናቸውን ትንሽ ትንሽ ያማቸዋል፤ የሁለቱም ምላስ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ለዚህ አምላክ ይመስገን።

ደብዳቤህና በውስጡ ያጠፍኸው የፈቃድ ወረቀት ጥቅምት 19 ቀን ሰኞ ደረሰኝ። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የዚያን ዕለት «አላምረው ከባሕር በታች ሊገባ ነው። ዛሬ ከሱቄ ፋኖስ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብዬ ጽፌያለሁ። ባሕር ማዶ ሄዳችሁ ከሰርጓጅ መርከብ አደጋ ማምለጥን እንድትማሩ ከተመረጣችሁት ሦስት ልጆች አባቱን ያላስፈረመ አንተ ብቻ መሆንህን፣ ወረቀቱም እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልደረሰ ቦታህ ለሌላ እንደሚሰጥ ነግረኸኛል። ስለዚህ አልጮህሁም፣ አላለቀስሁም። ሱቄን እስከ ቅዳሜ ከፍቼ ዋልሁና አባታችን በልተው እስኪጠግቡ ጠበቅሁ። የራበው ሰው እሺ ሲል አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደብዳቤህን ለሁለቱም አነበብሁላቸው። መርከቢቱ ተበላሽታ ከባሕሩ ወለል ላይ ብትቀር፣ መርከበኞቹ መጀመሪያ የሚታዘዙት ምንም እንዳያደርጉ ነው ያልኸውን እናታችን በጣም ወደዱት። ያለው አየር ቶሎ እንዳያልቅ ይተኛሉ፤ ወሬ አያበዙም፤ የተነፈሱትን ክፉ አየር የሚመጥ ኖራ መሰል ዱቄት ይነሰንሳሉ፤ ስልክ የታሰረበት ተንሳፋፊ ወደ ላይ ይለቃሉ። «ይኸ እኮ ሸጋ ሥራ ነው፤ ተኝቶ ደመወዝ!» አሉ እናታችን። ረዳት መርከብ ከላይ ሲደርስ ብረቱን በመዶሻ እያንኳኳችሁ መኖራችሁን ታስታውቃላችሁ ያልኸውን ደግሞ እኔ ወደድሁት። ወለቃ ሄጄ ገንቦ ስገዛ እኔም አንኳኩቼ ነው የምመርጠው፤ ልዩነቱ ገንቦው ከውስጥ መልስ አለመስጠቱ ብቻ ነው።

አባታችን እስከዚህ ድረስ ሰምተው፣ «አገራችን እንዲህ ያለች መርከብ አላት ወይ?» አሉኝ። ገና የለንም አልኋቸው። «ታዲያ ምነው? በሌለን በቅሎ ላይ ከወዲሁ መውደቅ ልንማር ነው?» አሉ። ቀጠሉናም «ዮናስ ሦስት ቀን አድሮ የወጣው ነቢይ ስለሆነ ነው። ይኸ ልጅ እንኳን ነቢይ ሊሆን ጾመ ድጓውንም አልጨረሰ» አሉ። በዚያ ላይ የማምለጫውን ነገር ሳነብ ገበያው ጨርሶ ተበተነ።

እናታችን የከበዳቸው ጠባቧ ክፍል ናት። ሰውየው ወደ እርሷ ገብቶ፣ የታችኛውን በር ዘግቶ፣ በገዛ እጁ ውሃ ያስገባል፤ ከላይ በኩል የታፈነው አየር ለአፍንጫው ይቀርለታል፤ የውስጡና የውጭው ግፊት ሲስተካከል ብቻ የላይኛው በር ይከፈታል። «ውሃ እንዳይገድለው ብሎ ውሃ ያስገባል?» ብለው አማተቡ። እኔም በቃል ከመጨቃጨቅ ብዬ ሳፋ ሙሉ ውሃ አቀረብሁ፤ ከብርጭቆ ቂጥ ጥጥ ወትፌ፣ ብርጭቆውን ደፍቼ እስከ ሳፋው ወለል ድረስ ሰደድሁት። መልሼ አውጥቼ ጥጡን አስነካኋቸው። ደረቅ ነው። እናታችን ብርጭቆውን አገላብጠው አይተው «ቢዘነብልስ?» አሉኝ። መልሱን የምታውቀው እንደሆነ ጻፍላቸው።

ከዚያ የመጨረሻውን ትእዛዝ አነበብሁ። በሩ ተከፍቶ ሰውየው ወደ ላይ ሲወጣ፣ በጥልቁ ተጨቁኖ የነበረው አየር በሳንባው ውስጥ እየሰፋ ይሄዳልና፣ ከታች እስከ ላይ ሳያቋርጥ ትንፋሹን እያስወጣ መሄድ አለበት፤ ፈርቶ ትንፋሹን የያዘ ግን ሳንባው ይቀደዳል። አባታችን ይህን ሰምተው ተነሡ። ጥጡን ከእጄ ወስደው ሳፋው ላይ ጣሉትና «ጥጥ አይፈራም» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከደብተሬ ልገልብጥልህ። ጥቅምት 26፣ እምቢ። ጥቅምት 29፣ እምቢ። ኅዳር 3፣ «ዮናስ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ለእኔ እምቢ ማለት ለአባታችን እንደ ማዛጋት የቀለለ ነው። ደጃቸው ላይ ለቆመ ሽማግሌ እምቢ ማለት ግን አይችሉም። ስለዚህ ሦስት ሰው ፈለግሁ፦ የጎረቤት ደብሩን አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስን፣ ከትክል ድንጋይ እህል የሚያመጡልንን አያ ሰጠኝን፣ ከሱቄ በረንዳ ላይ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ አድማሴን። አያ ሰጠኝ መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፣ ለደም ይላካል፤ ለመርከብ ተልኮ ያውቃል?» አሉኝ። እኔም «አያ፣ መቼም ከአባት ደጅ ልጅ መለመን ነው» አልኋቸው። ጎንበስ ብለው አሰቡና «እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

ኅዳር 9 ቀን እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፤ ሽማግሌ የለመነውን ሳያገኝ አይቀመጥም። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው በራችን ላይ ተሰልፈው ቆሙ። ባሌን ከፈታሁ አምስት ዓመቴ መሆኑን አትርሳ። በእነዚህ አምስት ዓመታት አባታችን ይህን ሰልፍ ለማየት ከጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ያልተሳሉለት የለም። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ መሪጌታ፣ ልንለምን መጥተናል፤ እሺ ሳንባል አንቀመጥም» ከማለታቸው፣ አባታችን ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ አሉና «ተቀመጡ! የለመናችሁትን ሰጥቻለሁ፤ እግዜር ይባርከው!» አሉ። እናታችን ከጓዳ እልል አሉ። እትዬ ማሬም ከአጥሩ ማዶ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ተቀበለቻቸው።

አያ ሰጠኝ ግራ ገብቷቸው «ማንን እንደምንለምን እኮ ገና አልተናገርንም» አሉ። አባታችን «ምን ይነገራል! ልጅቷ ይቻት፤ ሰውየውንም እናንተ ካመጣችሁት አላጣራም» አሉ። አለቃ መሬት መሬቱን እያዩ «የለመንነው አላምረውን ነው። ለባሕር ነው» አሉ። የእናታችን እልልታ ከመሃሉ ተቆረጠ። የእትዬ ማሬ ግን አልተቆረጠም፤ እርሷ ሙሉውን ጨርሳ ወሬውን ይዛ ወደ ገበያ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፒያሳ ላይ ሙሽራው ማነው የማይለኝ ደንበኛ የለም።

ወንድሜ፣ እኔ ማንንም አልዋሸሁም። ቁሙ እንጂ ዋሹ አላልኋቸውም። አባታችን ሳይሰሙ እንደሚሰጡ አልጠረጠርሁም ብል ግን ደብተሬ ይታዘበኛል።

አባታችን ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «በሽማግሌ ፊት ያልሁትን አላጥፍም፤ እፈርማለሁ። ነገር ግን ይህ ልጅ ይሞታል» አሉ። አድማሴ ሊያጽናና «ዮናስም እኮ ወጥቷል» ቢል፣ «ዮናስን ተወው፤ ዮናስን የምጠራው ለሴቶቹ ነው» አሉት። «እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ይህን ልጅ ሰባት ዓመት ዜማ አስተምሬዋለሁ። ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል። ከዜማው መሃል ይቆምና ፊቱ በርበሬ ይመስላል፤ ትከሻውን ካልመቱት አይለቀውም። ከባሕር ውስጥ ማን ይመታዋል?» አሉ። አላምረው፣ እውነታቸውን ነው።

አያ ሰጠኝ «ከታች እስከ ላይ ምን ያህል ያስኬዳል?» አሉ። ደብዳቤህን ገልጬ፣ መልመጃው ረጅም የውሃ ጋን ውስጥ መሆኑን፣ ከታች እስከ አፉ ሃያ እስኪቆጠር እንደሚፈጅ ነገርኋቸው። አባታችን ቀና አሉ። «ሃያ? ሃያማ አንዲት ሃሌ ሉያ ናት» አሉ። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና «ቁጠሪ» አሉኝ። ሰዓቴን ፈትቼ ያዝሁ። ቀጭን አድርገው ጀምረው፣ ሳያቋርጡ እየሳቡ ሠላሳ ስድስት ላይ አቆሙ። «እኔ ወጥቼ ልብሴን ሁሉ አስጥቻለሁ። ሰጠኝ፣ እስቲ አንተ ውጣ» አሉ።

አያ ሰጠኝ በቁመታቸው ልክ አየር ስበው ጀመሩ፤ ዐሥራ አንድ ላይ ሳል ያዛቸው። አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ከዘራቸውን ወደ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ይዘው «እግዜር ያጥናችሁ፤ ደግ ሰው ነበሩ» አሉ። እርሳቸው ራሳቸው ሃያ ሰባት ደረሱ። አድማሴ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ቢያልቅበት «ቁመቴን አስቡልኝ እንጂ! እግሬ ነው የቀረው፤ ራሴ ወጥቷል» ብሎ ተሟገተ፤ አባታችን ዳኝነቱን ለእርሱ ሰጡ። ያን ጊዜ እናታችን ከጓዳ ብቅ ብለው የተቆረጠባቸውን እልልታ ከቀረበት ቀጠሉ። ቆጠርሁ፤ በአንድ ትንፋሽ አርባ ሁለት። አባታችን «አሁንስ የሚሄደው እርሷ ናት፤ ወረቀቱን በስሟ እናድርገው» አሉ። አያ ሰጠኝ እንደገና ሳል ይዟቸው በሳቅ ሊሞቱ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ መሪጌታ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከባሕር ሲወጡ አረፈዱ።

ወረቀቱ ተፈርሟል። ፊርማቸው ከተሰጠው መስመር አልፎ ወደ ሌላው ሰው ቦታ ገብቷል፤ አለቆችህ ቢያጉረመርሙ የመሪጌታ እጅ ነው በላቸው። በዚህ ደብዳቤ አጥፌ ልኬዋለሁ፤ ነገ ጧት ራሴ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፤ ከመጨረሻው ቀን በፊት እጅህ ይገባል።

እናታችን ጉንጭህን ስመዋል፤ ምግቡን አትጠየፍ፣ መርከቢቱ ከተበላሸች ደግሞ እንዳሉህ ዝም ብለህ ተኛ ብለዋል። እትዬ ማሬ ሰላም ብላሃለች፤ ለሰርጌ ትመጣ እንደሆነ ትጠይቃለች። አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ በጸሎት አይረሱህም። አያ ሰጠኝ ሰላም ብለውሃል፤ እርሳቸው ግን ከእንግዲህ ጣናንም ቢሆን ከሩቅ ነው የሚያዩት። አድማሴ ሰላም ይልሃል፤ የትከሻህን ልክ ላክለት። አብረውህ ለሚሄዱት ለሁለቱ ጓደኞችህ የእኔን ሰላምታ አድርስ።

የአባታችንን ሰላምታ ለብቻው ያቆየሁት ለብቻው ስለሰጡኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ከመደቡ ላይ ሆነው የፈረሙበትን ወረቀት ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቆዩ። በየቀኑ ጧት ጧት አንዲት ሃሌ ሉያ በአንድ ትንፋሽ እንድትስብ፣ ውሃ ውስጥ ስትገባም ያንኑ ሳትተው እንድትወጣ አዘዙህ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጡኝና፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ትንፋሹን የሚይዘው ውሃ ፈርቶ እንዳይመስልሽ። ያን ጊዜ ውሃ መቼ አየና? የእኔን አርጩሜ ፈርቶ ነው። ጻፊለት፤ ከባሕሩ በታች አባትህ የለም በይው። ይተንፍስ።»

እህትህ እንኳየሁ ወልደ ዮሐንስ
ጎንደር፣ ፒያሳ
ኅዳር 11 ቀን 1955 ዓ.ም.