የመለከት ሳል

ኅዳር 4

«ጉንፋን የሚገባው በመስኮት ነው» አሉ አለቃ ዛሬ ጠዋት። መስኮቱን አየሁት። ምንም ሲገባ አላየሁም። ተነሥተው ዘጉት፣ እጀታውን በሽቦ ጠፍረው አሰሩት። ጉንፋን እልባት አገኘ።

ማተሚያ ቤቱ ለእርማት ክፍል የሰጠን ቦታ ቁም ሣጥን ያክላል። አለቃ፣ መለከትና እኔ። መለከት ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የተተየበውን እያየሁ አርማለሁ። ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው። ሰሞኑን ሳል ጨምሮበታል...

ኅዳር 6

የዛሬው ሥራ የጤና በራሪ ወረቀት። መለከት ማንበብ ጀመረ። «ሰው ሲያስል፣ ሲያነጥስ፣ ሲናገርም ጭምር... እህ! እህ! ...ጥቃቅን ጠብታዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹ ቶሎ ይወድቃሉ፤ ደቃቆቹ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ... እህ! ...አየር ላይ ይቆያሉ።»

አንዷ ጠብታ «ይቆያሉ» ላይ አረፈች። በተግባር የተደገፈ ንባብ ይሉሃል ይሄ ነው።

«ጌታው፣ ያነበብከው ገብቶሃል?» አልኩት።

«እኔ አንባቢ ነኝ እንጂ ሐኪም ነኝ እንዴ?»

መስኮቱን እንክፈተው አልኩ። አለቃ ቀና አሉ። «ሰው እያሳለ ንፋስ ልታስመታው ነው?»

ኅዳር 7

ደሜ እንደፈላ ነው። ለራሴ ቢሆን ግድ የለኝም። ቤት እታለም አለች፣ ታላቅ እህቴ። አንዱን ሳንባዋን በቀዶ ጥገና አውጥተውታል። ሐኪሙ «ጉንፋን እንኳ እንዳይነካት» ብሎኛል። በቀረው ነው ደረጃ የምትወጣው፣ የምትስቀው፣ እኔን የምትቆጣው።

ስገባ ሁሉንም ነገርኳት። ጆሮዋ ደከም ስላለ፣ ተጠግቼ፣ ጮክ ብዬ።

«ቀስ በል የኔ ጌታ፣ ደም ግፊት ይይዝሃል።»

እንዴት ነው ቀስ የሚባለው?

ኅዳር 9

ለመለከት ጭንብል ገዛሁለት። አንድ ብቻ፤ የሚያስለው እሱ ነው። መርቆኝ አገጩ ላይ አደረገው። አገጩ ይተነፍሳል እንዴ?

«አፍህን ሸፍን እንጂ!»

«ታዲያ በምኔ ላንብብ፣ ወንድምዓለም?»

ይህንንም ለእታለም ነገርኳት። ከሷ ሌላ ማን ይሰማኛል?

ኅዳር 12

ሽቦውን በመቀስ በጠስኩት። መስኮቱ ተከፈተ፣ ወረቀቱ በክፍሉ ተበተነ። አለቃ «ይሄ ሰው ለየለት!» እያሉ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ። መለከት ተንበርክኮ ወረቀት እየለቀመ «ምን በደልኩህ?» አለኝ።

«እህቴን ልትገድልብኝ ነው!»

የለቀመውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ እያሳለ ወጣ። 

ኅዳር 13

እታለምን አተኮሳት።

ኅዳር 15

ሆስፒታል። ቫይረስ ነው ብለው ኦክስጅን አድርገውላታል። ያለችኝ አንድ እህት...

እኔም፣ ሥራ ቦታ አብረውኝ የሚውሉትም እንድንመረመር ተነገረን። ተመረመርን። መለከት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት በር ድረስ መጣ። ጭንብሉን ዛሬ ገና አፉ ላይ አድርጎታል።

«እስካሁን ያመጣህልን ይበቃናል» ብዬ መለስኩት። ብርቱካኑን ግድግዳው ሥር አስቀምጦ ሄደ። አላነሣሁትም።

ኅዳር 17

መለከት ደወለ። «ቫይረሱ የለብህም ተባልኩ። ሳሉ አስም ነው፣ የወረቀቱ አቧራ ያመጣብኝ። አለቃም ነጻ ናቸው። እሷስ እንዴት አደረች?»

ዋሾ! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ኅዳር 18

እታለም አሁንም ከኦክስጅኑ አልተላቀቀችም። ልገባ ስል ነርሷ ከበር መለሰችኝ። ውጤቴ ደርሷል። ሳል የለኝም፣ ትኩሳት የለኝም። ቫይረሱ አለብኝ።