ምክር በወረቀቱ የለም

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ፣ ማታ 12 ሰዓት

ለምሳ ወደ ቤት ብቅ ብል አባየ ወለሉ ላይ። ላብ በላብ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ ማን ነኝ ብላቸው የሟች እናቴን ስም ጠሩ። አከራየ እትየ ጥሩ ስኳር በጥብጠው መጡ፤ በማንኪያ አጠጣናቸው። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸው ተመለሰ። ምነው ቤቱን ሰው ሞላው አሉ። የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ።

ነገሩ ግልጽ ነው። ጠዋት የስኳር በሽታውን ኪኒን ውጠዋል። ረቡዕ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ኪኒኑ ባዶ ሆድ አገኘ።

ከዳባት ገጠር ለሕክምና ወደ እኔ፣ ወደ ጎንደር፣ ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው። ደብተሬ፣ ፈርቻለሁ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። እስከ ገና በየቀኑ እንዲህ ሊወድቁ ነው?

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ኪኒን ብቻውን አይበቃም አለ። ስለ ምግብ የሚመክሩ ነርስ አሉ፣ ሲ/ር እልፍነሽ የሚባሉ፤ እሳቸው ዘንድ ይቅረቡ አለ። ደስ አለኝ። ደስታየ የቆየው እስከ ካርድ ክፍሉ መስኮት ድረስ ነው።

አባየ የሚታከሙት በገበሬ ማኅበራቸው የነጻ ሕክምና ደብዳቤ ነው። የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ለምርመራና ለመድኃኒት ይላል፤ ምክር በወረቀቱ የለም አለ። እከፍላለሁ አልሁት። ከከፈሉማ ከፋይ ሆኑ፣ ነጻው ይሰረዛል፣ የየወሩን ኪኒንም ይገዛሉ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ሲናገር ዓይኔን አላየም።

አባየ ከኋላየ፣ "ልጄ፣ ምን እንደምበላ ሰው ሊነግረኝ ነው? ስድሳ ዓመት በልቻለሁ እኮ!" በመስኮቱ ተራ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጥቅምት 15፣ ሰኞ

መ/ቤቴን ሞከርሁ። ሠራተኛ የሕክምና ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ምናልባት ለአባቴም። የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው መመሪያውን ከፋይል አወጡ። ለራስ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ። ባል የለኝም። ልጅ የለኝም። አባት አይልም። ጓድ ውብአለም፣ እኔ አልጻፍሁት አሉኝ።

እውነት ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ! ከግርጌው የታይፒስቷ ምልክት የእኔ። አምና በእነዚህ ጣቶቼ ስመታው፣ አባት የሚል ቃል እንደጎደለ ልብ እንኳ አላልሁም።

በንዴት ወጣሁ። አራዳን ሳቋርጥ ንዴቴ ሌላ ሐሳብ ሆነ። ወረቀት ላይ ያለውን ቃል የሚያኖረው ሰው ነው። እንግዲያው የአባየን ደብዳቤስ ማን ጻፈው?

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

አባየን ለእትየ ጥሩ አደራ ብየ በጠዋቱ አውቶቡስ ዳባት። ከዚያ በእግር ሁለት ሰዓት። ብርድ። ግን አገሩ ቢጫ ብሎ ሳየው ልቤ ቀለለኝ።

የገ/ማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ማንደፍሮ አውድማ ላይ ነበሩ፤ ገብስ ያበራያሉ። ጉዳየን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። "እኛ ዘንድ ምክር ድሮም በነጻ ነው!" አባየ እንዴት እንደወደቁ፣ በሟች እናቴ ስም እንደጠሩኝ ስነግራቸው ግን ሳቁን ተዉት። ከአባየ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብረው አርሰዋል።

"ምን ይባል ታዲያ? አንቺ ጻፊው፣ እኔ አትማለሁ።"

መንሹ ላይ ተደግፈው ቆሙ፤ እኔ ጉልበቴ ላይ ጻፍሁ። ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለምግብ ምክር። ማኅተሙ ከጋራው ማዶ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ ቤት ነው። በሬዎቹን ለሚስታቸው ትተው፣ ገለባው ከራሳቸው ሳይራገፍ አብረውኝ ወጡ።

ጥቅምት 23፣ ማክሰኞ

የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ አዲሱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበበ። ማኅተሙን ወደ ብርሃን አነሣ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ አለ። አለፈ! ደብተሬ፣ አለፈ!

ሲ/ር እልፍነሽ አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት። ጠረጴዛቸው ላይ የእንግሊዝኛ የምግብ ዝርዝር አለ፤ ግማሹ እዚህ አገር የሌለ። ገለበጡትና አባየን ምን እንደሚበሉ ጠየቁ። አባየ እንደ ተከሳሽ መለሱ። የገብስ እንጀራ። ሽሮ። ጎመን። ጠላ፣ ጥቂት። ስንት ጣሳ? አባየ ጣራውን አዩ።

ሁሉንም ይከለክሉኛል ብለው ነበር። የከለከሏቸው ጠላና ስኳር ብቻ። የቀረው በልክ ነው አሉ፤ ልኩንም በጭልፋ አሳዩአቸው። ወደ ጾሙ ሲመጡ ግን አባየ ፊታቸውን አጠቆሩ። ሲ/ር ቀስ ብለው፣ "አባቴ፣ ጾሙን አይደለም፤ ሰዓቱን ነው የምለምንዎት። ኪኒኑን ውጠው ሳይበሉ አይቆዩ።"

አባየ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሲወጡ ብቻ ሸጋ ልጅ ናት አሉ።

ጥቅምት 24፣ ረቡዕ

እስከ ዘጠኝ ጾሙ። አልወደቁም፤ ኪኒኑን ትራስ ሥር አገኘሁት። ሳይውጡት። ጮህሁባቸው። አባቴ ላይ ጮህሁ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የዚህ ሁሉ ወረቀት ትርጉሙ ምን ነበር?

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

የአባየ የነፍስ አባት ለገበያ ጎንደር ወርደው ሊጠይቋቸው መጡ። ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ነኝ ቀድሜ ደጅ ላይ ያዋየኋቸው። ገብተው ተቀመጡ። ስለ አዝመራው፣ ስለ ላሟ። ከዚያ በድንገት፣ "ታከለ፣ ቀኖና ልሰጥህ ነው" አሉ።

አባየ ደነገጡ። ምን አጠፋሁ አሉ።

"እስኪሻልህ ድረስ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የጾም ምግብ ትበላለህ፣ መድኃኒትህንም ትውጣለህ። ከተውህ ትዕዛዝ አፈረስህ።"

 የአባየ ጉንጭ ረጠበ። ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። እኔ ዕቃ የማጥብ መስየ ወጣሁ።

ኅዳር 14፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ጾሙ ነገ ነው። ትናንት ሆ/ል፤ ስኳራቸው ወደ ልኩ ወርዷል። ሐኪሙ ለሁለት ወር ኪኒን ሰጥቶ ወደ አገርዎ ይመለሱ አላቸው።

አሁን ከመናኸሪያ መምጣቴ ነው። ቁርሳቸውን በልተው፣ ኪኒናቸውን ውጠው ተሳፈሩ። በመስኮት ጠሩኝ። ጎረቤታቸው አያ ደምለውም ውኃ ጥማት አላስቀምጥ ብሎታል፣ የእግሩም ቁስል አልድን አለ። የእኔው ሕመም ይመስለኛል፣ ይዤው እመጣለሁ አሉ። "ያ ምክር የሚለው ቃል ያለበትን ወረቀት አዘጋጂለት።"

ለአንድ ሰው ብቻ ለምን? መ/ቤት ልሄድ ነው፤ የታይፕ መኪናው በምሳ ሰዓት ሥራ ይፈታል። የስሙን ቦታ ባዶ ትቼ በካርቦን አምስት አምስት እመታለሁ፤ ለአያ ማንደፍሮ እልካለሁ፣ እሳቸው ያትማሉ። ሲ/ር እልፍነሽንም ያን የምግብ ዝርዝር በአማርኛ አብረን እንጻፈው እላቸዋለሁ፤ ገብሱን፣ ሽሮውን፣ ጭልፋውን። ኃላፊው ከጠየቁኝ መልሴን አስቤያለሁ፤ እንዲያውም ያን መመሪያ ይዤ ገብቼ፣ አባት የሚለው ቃል የት ቦታ እንደሚገባ…

ረፈደ። ሄድሁ።