የልጅዎ ክብደት

ዱዋላ፣ ኒው ቤል
በመስከረም ወር መጨረሻ

ለተከበሩ የባለቤቴ እናት፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሳልዎ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እርስዎ ባሉበት በባፉ መንደር ዝናቡ ሳያባራ ሦስት ሳምንት መዝነቡን ሰምቼ ጎደሬው ማሳ ላይ እንዳይበሰብስብዎ ስጨነቅ ነበር። እኛ እዚህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከልጅዎ በፊት የራሴን ጤና ማውራቴ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እስቲ ይታገሱኝ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ደብዳቤዎ ጎደሬ ይዛ በምትመጣው ሴት እጅ ደርሶኛል። «ልጄ መሬት ላይ ተኝቶ ሚስቱ ከወንዶች ጋር ብረት ታነሣለች አሉኝ። አብደሻል ወይስ አማረብሽ?» ብለው አጽፈዋል። የሰበካው መምህር ጽሕፈት ያምራል፤ ስድቡ እንኳ ተስተካክሎ ነው የተጻፈው። ይህንንም እሳቸው እንደሚያነቡልዎት ስለማውቅ ሁሉን አልልም። እርስዎ ደግሞ ሳይነገርዎት የሚገባዎት ሰው ነዎት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅዎ የወደቀው እሑድ ቀን ነበር። ወጡ ጨው በዝቶበታል ብሎ ከገበታ ተነሣ። ቀበቶውን ለመፍታት እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመና ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋ። ሐኪም ቤት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። አሥራ አንድ ቀን አስተኝተው መለሱልኝ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፣ አንደበቱ ተዘግቷል፤ ዓይኑና ጆሮው ግን እንደ ድሮው ናቸው። ነርሷ «በየሁለት ሰዓቱ ገልብጪው፣ አለዚያ ጀርባው ይቆስላል» አለችኝ። እሺ አልኩ። ልጅዎን ያውቁታል፤ ወደብ ላይ ከረጢት ሲሸከም የኖረ ዘጠና አራት ኪሎ ሰው ነው። እኔ ሃምሳ ሁለት ነኝ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ጎረቤት ተሻምቶ ረዳኝ። በሁለተኛው ተራ ገቡ። በሦስተኛው በሬን ሲያልፉ እርምጃ መጨመር ጀመሩ። አንድ ቀን ከአልጋው ወደቀ፤ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሬት ላይ ዋለ። ብብቱ ሥር እጄን ከትቼ ጎተትኩ፤ አንድ ስንዝር አልሄደም። አጠገቡ ተቀምጬ ሰው እስኪመጣ ዝንብ ሳባርርለት ዋልኩ። ጀርባው ቆሰለ።

ያን ጊዜ ነው እርስዎ የመጡት። ቁስሉን አይተው «ባሏን መገልበጥ ያቃታት ሴት ምን ትሠራለች?» አሉ። ለእኔ አልነበረም፤ ለጎረቤቴ ለማማ ኦርታንስ ነበር፣ እኔ እየሰማሁ። ሲሄዱም አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆነው «ጠንክሪ። ዓሣውንና ሥጋውን ለእሱ አድርጊ፤ ወንድ ልጅ በቅጠል አይነሣም» ብለው መከሩኝ። ሁለቱንም ምክር ተቀበልኩ።

እኛ ሰፈር ከጎሚስታው ጀርባ ባይሃ የሚባል ሰው ግቢ አለው። በወጣትነቱ ክብደት እያነሣ በየከተማው ሲዞር የኖረ ነው። አሁን ስድሳ አልፎታል፤ አንገቱ ግን ዛሬም ከጭንቅላቱ ይሰፋል። ብረቱ ጎማ የሚያያይዘው ዘንግ፣ የመኪና አክስል ነው፤ ክብደቱ ደግሞ በቀለም ቆርቆሮ የፈሰሰ ሲሚንቶ። ቦሎቄና ቦምቦሊኖዬን ሸጬ ስጨርስ፣ ከምሳ በኋላ ሄድኩ። ወንዶቹ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። አንዱ «እማማ፣ ቦሎቄውን እዚህ ድረስ ማምጣት ጀመርሽ እንዴ?» አለኝ። ሌላው «ተዋት፣ ባሏን ለመምታት እየተዘጋጀች ነው» አለና ሁሉም ሳቁ። ባይሃ አልሳቀም። ምን ማንሣት እንደምፈልግ ጠየቀኝ። «ባሌን» አልኩት። «ስንት ኪሎ ነው?» አለ፤ ነገርኩት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና ባዶውን አክስል በጫማው ወደ እኔ ገፋው።

ያንን ባዶ አክስል ነው፣ እናቴ፣ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ያነሣሁት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፤ አንድም ቀን አላስቀረሁም። ዝናብ ሲጥል ጭቃ ውስጥ ቆሜ፣ ወባ ሲይዘኝ ከነትኩሳቴ። በሦስተኛው ወር ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮ ጨመረልኝ፤ በአራተኛው ወገቤ ሲንቀጠቀጥ አይቶ መልሶ አወጣቸው። በስድስተኛው ወር ጨመረ፤ አሁንም አወጣ። ከእኔ በኋላ አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ መጣ። ሆዳም፣ ጫማውን ለማሰር የሚያለከልክ ሰውዬ ነው። በሁለት ወር ከእኔ ብዙ እጥፍ አንሥቶ ጥሎኝ ሄደ። ወንዶቹ ስም አወጡልኝ፤ ስገባ «ባዶ ብረት መጣች፣ መንገድ ልቀቁላት» ይላሉ። አንድ ጊዜ አክስሉ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ባይሃ «እንባ አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ተነሺ» አለኝ።

ቤት ስገባ እጄን ልጅዎ ብብት ሥር እከታለሁ። ንቅንቅ የለም። ቀና ብሎ ያየኛል። ያንን አስተያየቱን ያውቁታል፤ አንደበት ባይኖረውም ምን እያለኝ እንደሆነ አይጠፋኝም ነበር።

አንድ ዓርብ ባይሃ ተቆጣ። «እያታለልሽኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አህያም ቢሆን ትከሻ ያወጣል» አለ። ግራ ክንዴን ይዞ ሊዘረጋው ሞከረ፤ አልተዘረጋም። ማን እንደጠገነው ጠየቀኝ። «የባሌ እናት፣ በቀርከሃ» አልኩት። እንዴት እንደተሰበረ ሲጠይቀኝ እርስዎ ያኔ ለመንደሩ ያሉትን ነገርኩት፤ ከጉድጓድ ውኃ ስቀዳ አዳልጦኝ ነው አልኩ። ክንዴን ቀስ አድርጎ ለቀቀው። ከዚያ «ምንድነው የምትበዪው?» አለኝ።

ነገርኩት። ዓሣው ለባሌ፣ እንቁላሉ ለባሌ፣ ዶሮ ሲገኝም ለባሌ። እኔ የተቀቀለ ሙዝ በመረቅ። «ቦሎቄውስ?» አለ። ቦሎቄው ለገበያ ነው፤ ድስቱ ሥር የቀረውን እጠርጋለሁ አልኩት። መሬት ላይ ቁጭ አለና ሳቀ። «ሴትዮ፣ አንቺ እኮ ያለ ጭቃ ግድግዳ እየመረግሽ ነው። ብረቱን ክንድ አያነሣውም፣ ምግብ ነው የሚያነሣው። ሂጂና ብዪ» አለኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዪ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ዶሮ አረድኩ። ጨጓራዋን ለብቻ ጠብሼ በልጅዎ ሳህን ላይ አደረግኩ። በአገራችን የባል ድርሻ እንደሆነ ለእርስዎ አላስተምርም። ሙሽራ ሳለሁ አንድ ጊዜ ሳላውቅ ቀምሼ የሆነውንም አይተዋል፤ በር ላይ ቆመው ነበር። ሳህኑን ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አፉን ከፈተልኝ። ሐኪሙ እንዳይታነቅ ለስላሳ ነገር ብቻ ስጪው ብሎኝ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔ በላሁት። ጠንካራ ነው፤ ረጅም ጊዜ አኘኩት።

ከዚያ ጀምሮ ለልጅዎ የበቆሎ አጥሚት አደረግኩለት፣ ቀጠን አድርጌ። ዓሣውንና እንቁላሉን፣ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ቦሎቄም ጨምሬ፣ ለራሴ። ብቻውን እንዳይሰለቸው ብዬ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው የምበላው። እጄን በዓይኑ ይከተላል፤ ከሳህኑ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ ሳህኑ። ለእንዲህ ያለ በሽታ ዓይን ማንቀሳቀስ ጥሩ ነው ይባላል።

ብረቱም ተነሣ። በወሩ ሁለት ቆርቆሮ፣ በሁለተኛው ወር አራት። ሠላሳ ኪሎ አነሣሁ፣ አርባ አነሣሁ፣ ሃምሳ አምስት አነሣሁ። ወንዶቹ ያወጡልኝን ስም ዋጡት። ዘበኛውን ተመልሼ ስለቀደምኩት ሰላምታ አይሰጠኝም። የቀሚሴ ስፌት ትከሻዬ ላይ ተተረተረ። አንድ ጠዋት ቦሎቄ ስሸጥ ወረፋ ዘሎ ሊቀድም የሞከረ ጎረምሳ ክንዱን ያዝኩት። ስለቀው አራት ጣቴ ቆዳው ላይ ታትሞ ቀረ። ያንን ምልክት እስከዚያ ቀን በራሴ ገላ ላይ ብቻ ነበር የማውቀው። ጎረምሳው ይቅርታ ጠየቀኝ። የጠየቀኝ እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ልጅዎም በበኩሉ አገዘኝ። እኔ ወደ ላይ ስሄድ እሱ ወደ ታች ይመጣ ነበር፤ መንገድ ላይ ተገናኘን። በሐምሌ አንድ ቀን አንድ እጄን ብብቱ ሥር፣ አንዱን ጉልበቱ ሥር ከትቼ ብድግ አደረግኩት። ክፍሉን ይዤው ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ልቡ ደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፣ በጣም ይፈጥን ነበር። ከተጋባን አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እንዲያ ተቃቅፈን አናውቅም።

ደስታዬ ለብቻዬ ስለበዛብኝ ባይሃን መጥተህ እይ አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ልጅዎን አንሥቼ አሳየሁት። ባይሃ ግን የእኔን ክንድ አላየም። የልጅዎን እግር አየ፤ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ጎኑን አየ። ከዚያ የአጥሚቱን ድስት ከፍቶ ማንኪያ ነከረና ከፍ አደረገው፤ እንደ ዝናብ ውኃ ወረደ። ልጅዎ ዓይኑን እሱ ላይ ተክሎ ጉሮሮው አንዳች ነገር ይል ነበር። የሚጠጣ ላምጣልህ ስለው እምቢ ብሎኝ ወጣ። ሰኞ ስሄድ የግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና «አነሣለሁ ያልሽውን አንሥተሻል። ሁለተኛ እዚህ አትምጪ» አለኝ። ከእሱ በላይ ማንሣት ልጀምር ስል ቅር ብሎት ይመስለኛል፤ ወንዶች እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም። ግድ የለም፤ ቤቴ የራሴን ሲሚንቶ አፍስሻለሁ።

ስለዚህ መሬት ላይ ተኝቷል ብለው የነገሩዎት ውሸት ነው። ንጹሕ አንሶላ ላይ ነው ያለው፤ በየሁለት ሰዓቱ እገለብጠዋለሁ፣ አንድ እጄ ይበቃኛል። ቁስሉ ብቻ አልድን ብሏል። አጥንቱ ቆዳውን ከውስጥ ስለሚገፋው ነው አሉኝ። ማማ ኦርታንስ «ባልሽ እኮ አለቀ፤ ለእናቱ ጻፊላት እንጂ» ትለኛለች። ይኸው ጻፍኩ።

ታናሽ ወንድሙን ጁሜሲን ልኬ አስወስደዋለሁ ብለዋል። ጁሜሲን አያድክሙት። ባለፈው ሐሙስ ልብስ ሰፊ ጠርቼ ልጅዎን አስለካሁት። የሠርጉ ጥቁር ሱፍ አሁን ሁለት እሱን ይይዛል። ሰፊው ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ አድርጎ ቁጥሩን ሲጠራ ልጅዎ ዓይኑን ጨፈነ። ሰፊው ደንገጥ ብሎ «ምናልባት ቢያገግምና ቢወፍር ውስጡን ትርፍ ጨርቅ ልተውለት?» አለኝ። አያስፈልግም አልኩት። ለመቼ እንዲደርስ ጠየቀኝ፤ ዝናቡ ሲያበቃ፣ የባፉ መንገድ ሲደርቅ አልኩት።

እርስዎም እስከዚያ ግቢውን ያስጠርጉ። እንጨትም ያስፈልጡ፤ ብዙ እንግዳ ይኖራል። ሰው ግን አይላኩልኝ። መኪናው ከዋናው መንገድ ወዲህ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ዳገቱን እኔው ተሸክሜው እወጣለሁ።

እግዚአብሔር ጤናውን ያብዛልዎት። ዓይንዎ የሚመጣውን ሁሉ አይቶ እስኪጠግብ ብርሃኑን አይንሣዎት። ዕድሜዎን ከልጅዎ ዕድሜ ያርዝምልዎት።

ታዛዥ ምራትዎ